ጣሪያ የነካው ካቢኔት

አንድ ቀን፣ የቅዳም ሹር ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ቁመቴ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንት የሆነው እኔ፣ አንድ ሜትር ከአርባ ስምንት በሆኑ ሴት ፊት ቆሜ አነስኩ። እንዴት እንደሆነ ላስረዳችሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

መክብብ እባላለሁ። የወጥ ቤት ካቢኔት እሠራለሁ። ተምሬ እንዳይመስላችሁ፤ ስልኬ ነው ያስተማረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኩዮቼ ኳስ ሲያዩ እኔ የማላውቀው አገር ሰዎች ጠባብ ወጥ ቤት ሲያሰፉ አይ ነበር። ከሚያወሩት ግማሹ አይገባኝም፤ እጃቸውን ግን በደንብ አያለሁ። ያልገባኝን ግማሽ ደግሞ ከራሴ ሞላሁትና ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ማስተማር ጀመርኩ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው፣ መውረጃው ሳይሆን ወርዶ እስኪያመልጠኝ ድረስ፣ ስለ መሳቢያና ስለ ማጠፊያ አስረዳዋለሁ። እናቴ፣ ይህ ልጅ የተናገረውን ያህል ቢሠራ ኖሮ ይሄኔ የራሱ ከተማ ይኖረው ነበር ትላለች።

የምሰብከው ነገር አንድ ነው። ወጥ ቤት ጠባብ የሚመስለን ወደ ጎን ብቻ ስለምናይ ነው። የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ወለሉ ሁለት እርምጃ በአንድ ተኩል ነው፤ ሦስተኛውን እርምጃ ከተራመዳችሁ መታጠቢያ ቤት ገብታችኋል። ጣሪያው ግን ሁለት ሜትር ከሰባ ነው። ሰው ግድግዳው ላይ አንዲት አጭር መደርደሪያ ይሰቅልና ከሷ በላይ ያለውን ቦታ ሁሉ ለሸረሪት ይተዋል። ካቢኔቱን ከወለል እስከ ጣሪያ ብታቆሙት ግን ዕቃው ሁሉ ይገባል፣ ወለሉ ይለቀቃል፣ አናቱ ላይ አቧራ የሚያርፍበት ክፍተት እንኳ አይኖርም። ይህን ዛሬም አልክድም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እመጣበታለሁ።

እትዬ አስካለን ያገኘኋቸው እንዲሁ ስሰብክ ነው። የካ አባዶ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ፍርድ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆነው የዳኛውንም፣ የጠበቃውንም፣ የተከሳሹንም ቃል ሲጽፉ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ከዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ የሚሻለውን እየመረጡ ለራሳቸው ያስቀሩት ይመስለኛል። ወጥ ቤታቸው በዚያን ጊዜ ሰታቴ ውስጥ ድስት፣ ድስት ውስጥ መጥበሻ፣ መጥበሻ ውስጥ ሽንኩርት የተከተተበት ነበር፤ አንድ ማንኪያ ለማውጣት አራት ዕቃ መሬት ይወርዳል። እኔም በሩ ላይ ቆሜ፣ ከራስዎ በላይ ያለው አየር በከንቱ እየባከነ ነው አልኳቸው።

«እኔ የምተነፍሰውን ነው የምትለኝ?» አሉ።

እዚህ ላይ ብስቅና ብሄድ ጥሩ ነበር። አልሄድኩም፤ ሃያ ደቂቃ አስረዳኋቸው። በመጨረሻ፣ በል ሥራው፣ ዓይንህ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ እምቢ ብልህ ታለቅስብኛለህ ብለው ፈቀዱ።

ለእኔ ይህ ወጥ ቤት እንዲሁ አንድ ወጥ ቤት አልነበረም። በዚያ ብሎክ በልክም በቅርጽም ከሳቸው ቤት ጋር አንድ የሆኑ ሌሎች አሥራ ሰባት ቤቶች አሉ። የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሻምበል ጌጡ፣ ከጦር ሠራዊት ምህንድስና ጡረታ የወጡ ሰው፣ የሁሉም ወጥ ቤት በአንድ እጅ እንዲሠራ አስወስነዋል። ለእኔም አሳጥረው ነገሩኝ፦ በመጀመሪያ የወይዘሮ አስካለን ሥራ፤ በርክክቡ ቀን መጥቼ አያለሁ፤ እሳቸው ጥሩ ነው ካሉ አሥራ ሰባቱም ያንተ ነው፤ ካላሉ እናመሰግናለን። እኔ ደግሞ ይህን ተስፋ አድርጌ ከነበርኩበት የእንጨት ሥራ ቤት ለቅቄያለሁ። አለቃቀቄም መልካም አልነበረም። አሠሪዬን፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲያባክን እንደኖረ በምሳሌ እያስደገፍኩ አስረድቼው ነው የወጣሁት። ሥራው ካመለጠኝ እሱ በር ላይ ሄጄ መቆም ሊኖርብኝ ነው፤ እሱም በተራው እንደሚያስረዳኝ አልጠራጠርም።

ስለዚህ ተጠንቅቄ ሠራሁ። ግድግዳውን ለካሁ። የውሃ ቧንቧውን፣ የጋዝ ሲሊንደሩን፣ የፍሪጁ በር ሲከፈት የሚሄድበትን ለካሁ። የሰታቴውን ጆሮ ሳይቀር ለካሁ። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ፣ እባክዎ እትዬ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ የምለካውን ከለሉኝ እላቸው ነበር።

ቀጥሎ የድልድል ቀን መጣ። ድልድል ያልኩት ራሴ ነኝ። ከስልኬ የተማርኩት ሕግ እንዲህ ነው፦ በየቀኑ የሚነካ ዕቃ ከወገብ እስከ ዓይን ባለው መደርደሪያ ይቀመጣል፤ ባለፈው አንድ ወር ያልተነካ ዕቃ ወደ ጣሪያ ይሄዳል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እትዬ አስካለን በየዕቃው መጠየቅ ጀመርኩ። ጊዜው የሁዳዴ አጋማሽ ነበር።

ይሄን ትልቁን ሰታቴ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ነኩት? አንድም ጊዜ። የቅቤውን ማሰሮ? እንዴት ተደርጎ፣ አንድም ጊዜ። የሥጋ መክተፊያውን? አንድም ጊዜ። የእንቁላል መቀቀያውን? አንድም ጊዜ። ሽሮውን? በየቀኑ። ምስሩን? በየቀኑ። ተልባውን? በየቀኑ። ኑጉን? እሱንም በሳምንት ሦስት ቀን።

እንደ ሰነድ የጠራ መልስ ነበር። በሙያዬ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። እትዬ አስካለ ብቻ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንተ ልጅ፣ ወሩን ልብ ብለኸዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ወር በቂ ነው እትዬ፣ በጥናት የተረጋገጠ ነው አልኳቸው። በየትኛው ጥናት ቢሉኝ ኖሮ መልስ አይኖረኝም ነበር፤ ደግነቱ አላሉኝም። ትንሽ አዩኝና፣ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ ብለው ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚቀመጡባት፣ አንዳንዴም የሚቆሙባት አንዲት በርጩማ ነበረች። ወለል ትበላለች አልኩ። እትዬ አስካለ ደግሞ ታገለግለኛለች አሉ። ካቢኔቱ ካለቀ በኋላ ምንም አታገለግልዎትም ብዬ፣ ራሴ ተሸክሜ አውርጄ ለግቢው ጥበቃ ሰጠኋት። ጥበቃው መረቀኝ።

ሥራው ከሆሣዕና በፊት ባለው ረቡዕ አለቀ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ በውሃ ልክ የተስተካከለ፣ ከወለል ተነሥቶ ጣሪያ የነካ። በሮቹ ሲዘጉ ድምፅ አያሰሙም። ወለሉ ላይ አንዲት ማንኪያ እንኳ አትታይም። እትዬ አስካለ ገብተው ቀና ብለው አዩት። በጣም ቀና ከማለታቸው የተነሣ ነጠላቸው ከራሳቸው ወደቀ። ካቴድራል መሰለ አሉ። እኔ አድናቆት መስሎኝ አመሰገንኩ።

ከዚያ ሕማማት ገባ። እሳቸው ከጠዋት እስከ ማታ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ማታ ሲመለሱም ቆሎ ቆርጥመው ውሃ ጠጥተው መተኛት ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ካቢኔቱን የከፈተው የለም። ሻምበል ጌጡ ደግሞ፣ ቅዳም ሹር ሰው ሁሉ ቤቱ ስለሚውል ርክክቡ ያኔ ይሁን አሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት እትዬ አስካለ ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ። አላነሳሁም። ለምስጋና የደወሉ ስለመሰለኝ፣ ምስጋናውን ሻምበል ባሉበት በአካል ብቀበለው ይሻላል ብዬ ነው። ሸሚዜን ተኩሼ ሄድኩ።

ስደርስ ሻምበል ጌጡ የርክክብ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ተራቸውን የሚጠብቁ ሦስት ጎረቤት ሴቶችን አስከትለው በሩ ላይ ቆመዋል። እትዬ አስካለ ወጥ ቤቱ መካከል፣ ቄጤማቸውን በራሳቸው አስረው፣ በእጃቸው ማማሰያ ይዘው ነው ያገኘናቸው። አንድ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሙሉ ሽንኩርት ተከትፎ ተቀምጧል። ዶሮዋ ተገንጥላ፣ በሎሚ ታጥባ፣ በሌላ ሳፋ ትጠብቃለች። በማግስቱ ወንድማቸው ከነቤተሰቡ ከፍቼ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ። ምድጃው ግን አልተለኮሰም። አዲሱን ካቢኔት እንፋሎት እንዳይነካብኝ ሳስተውለት ነው ብዬ ልቤ ተነካ።

ወዲያው ማስረዳት ጀመርኩ። ሻምበል ጌጡ እንደኔው ረጅም ሰው ናቸው። የላይኛውን በር ከፈትኩና፣ ይኸው ሻምበል፣ ትልቁ ሰታቴ አልኩ። ለሳቸው እጅ ቅርብ ነበር። ቀጥሎ የቅቤው ማሰሮ፣ ቀጥሎ መክተፊያው። ሻምበል በጣታቸው መገጣጠሚያ እንጨቱን ኳ ኳ አደረጉትና፣ ማለፊያ ነው አሉ። ማጠፊያውን አዩና ማለፊያ ነው አሉ። እኔም ከወለል ምን ያህል እንደተረፈ፣ ምን ያህል አየር ወደ ሥራ እንደገባ በስሌት ነገርኳቸው። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ሁለታችን ስናወራ እትዬ አስካለ በመካከላችን ቆመው ነበር፤ ወሬው ግን በሙሉ ከራሳቸው በላይ ነው ያለፈው።

ሴቶቹ ግን ካቢኔቱን ማየት ትተው ሳፋውን ያዩ ነበር። አንዷ ለሌላዋ፣ እስካሁን ሽንኩርቱን አልጣዱትም እንዴ፣ በዚህ ሰዓት ስትል ሰማኋት። ለአዲሱ ካቢኔት ብለው ነው ብዬ ላስረዳት ዘወር ስል ሻምበል ደብተራቸውን ገለጡ።

«ወይዘሮ አስካለ» አሉ በወታደር ድምፅ፣ «ልጁ ለፋሲካ አደርሳለሁ ብሎ ፈርሟል። እኔ የምጽፈው የርስዎን ቃል ነው። ደርሷል ወይስ አልደረሰም?»

እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ምስጋናው ሲመጣ የማሳየውን ፊት አዘጋጀሁ። አሥራ ሰባት ወጥ ቤት በዓይኔ ላይ ተደረደረ።

እትዬ አስካለ ማማሰያቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ እንደ ምስክር ቃላቸውን አስተካክለው ተናገሩ።

«ሻምበል፣ በዚህ ቀን አልዋሽም። ወጥ ቤቱ ደርሷል፤ ያውም ጣሪያ ድረስ። ፋሲካም ደርሷል። ዶሮዋም ይሄኔ ትደርስ ነበር። እኔ ነኝ ያልደረስኩት።»

ከሴቶቹ አንዷ በሳቅ በሩን ተደግፋ ቀረች። ሻምበል ጌጡ መጀመሪያ ወደ ሰታቴው አዩ። ከዚያ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸውን ወደ ታች አድርገው እትዬ አስካለን አዩ። በሰታቴውና በሳቸው መካከል ያለው ርቀት ለመሐንዲስ ቀርቶ ለማንም ግልጽ ነበር። እኔ ግንቡን ሁሉ ስለካ፣ እባክዎ ፈቀቅ ይበሉልኝ ያልኳቸው ሴትዮ እዚያው ቆመዋል።

ሻምበል፣ ለመሆኑ በርጩማ የለም ወይ ብለው ጠየቁ። ነበረች፣ አሁን የግቢው ጥበቃ ተቀምጦባታል ተባሉ። መሰላልስ? መሰላል የሚቆምበት ቦታ ካቢኔት ሆኗል። ይህን ሁሉ የመለሱት እትዬ አስካለ ናቸው፤ እኔ በዚያ ሰዓት ማስረዳት አልቻልኩም። እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ሻምበል ግን አልተውኝም። እሺ መርዘሙስ ይርዘም አሉ፤ ግን ምን ሲሆን ነው የዶሮ ሰታቴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የተልባ ጣሳ እጅ ላይ የሚቀመጠው? ይህን ጊዜ ድምፄ ተመለሰልኝ። ወረቀቴን ከኪሴ አውጥቼ ሕጉን ነገርኳቸው፤ በቀን የሚነካው፣ በወር የማይነካው፣ ሁሉንም። እኔ በግምት አልሠራሁም፣ ባለቤቲቱን ራሳቸውን በየዕቃው ጠይቄ በመለሱልኝ መሠረት ነው አልኩ። ወረቀቱን እንደ ማስረጃ ዘረጋሁ።

እትዬ አስካለ ወረቀቱን አላዩትም። እኔን ነው ያዩኝ፤ እንደ እናት።

«ልጄ፣ አንተ እኔን መች ጠየቅህ? የጠየቅኸው ሁዳዴን ነው፤ እሱም እንደ ሃይማኖቱ መለሰልህ።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የሚያሳፍረው ደግሞ እኔም ጿሚ መሆኔ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሽሮ ስበላ ከርሜ፣ ዛሬ ማታ ፍስክ እንደሆነ እየቆጠርኩ፣ ሰው ቤት ገብቼ ቅቤና ዶሮን ከአገልግሎት ውጭ አድርጌ ጣሪያ ላይ ሰቅያለሁ። እኔ እጾማለሁ፤ ስልኬ ላይ ያሉት ሰዎች አይጾሙም፤ ሕጉን የወሰድኩት ደግሞ ከነሱ ነው። የሁዳዴን ዕቃ በተራው ጣሪያ ላይ ማውጣት ቢቻል ኖሮ እንኳ ለረቡዕና ለዓርብ ሌላ ካቢኔት ያስፈልግ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ጮክ ብዬ ልናገር ከጅሎኝ ነበር፤ ተውኩት።

ሻምበል ጌጡ ረጅም ጊዜ ወስደው ጻፉ። እኔ እስኪጨርሱ የድሮ አሠሪዬ በር ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ለማስታወስ እሞክር ነበር። ከዚያ ደብተሩን አዙረው እንዳነበው ሰጡኝ። በጥሩ የወታደር ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ወጥ ቤቱ ደርሷል። የቤቱ እመቤት ግን አልደረሱም። የቀሩት አሥራ ሰባት ቤቶች ሥራ ለመክብብ ይሰጥ፤ ነገር ግን ዝቅ ይበል።»

ዝቅ ይበል የተባለው ካቢኔቱ ይሁን እኔ፣ ደብተሩ አይገልጽም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ለጥንቃቄ ሁለታችንንም ዝቅ አደረግሁ።